በላብ ያሳደግሁት በሽታ

ዩኒቨርሲቲ ስገባ የፈለግሁት ነርሲንግ ነበር። ምደባው ሲወጣ ባዮሎጂ ደረሰኝ። ለመቀየር ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ፤ አልሆነም። ሰቃ የሚኖረው ገበሬ አባቴ ግን ደስ አለው። «ስለ ተክል አይደል የምትማሪው? ቡናችንን ታድኚዋለሽ» አለኝ።

ያን ዓመት የአባቴ ቡና ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ጥቁር ነጠብጣብ እያወጣ ይረግፍ ነበር። መምህራችን ከየአካባቢያችን የታመመ ተክል አምጥተን የበሽታውን ፈንገስ እኛ ላብ በምንለው ቤተ ሙከራ ውስጥ እንድናሳድግ ሲያዘን፣ እኔ ያመጣሁት ያንን ፍሬ ነው። በበረኪና አጠብነው፣ በምላጭ ቆረጥነው፣ ጄሊ ያለበት ትንሽ የመስታወት ሳህን ላይ አድርገን ከደንነው። ከቀናት በኋላ ግራጫ ጸጉር የመሰለ ነገር አበቀለ። መምህሩ የእኔን ሳህን ወደ መስኮቱ አንስቶ ለክፍሉ አሳየ።

«እንዲህ አምሮ ሲያድግ አይቼ አላውቅም» አለ።

ተማሪዎቹ አጨበጨቡልኝ። እጄ ጓንቱ ውስጥ ላበ። ያ ነገር ባማረ ቁጥር ውጤቴ ይጨምራል፤ አባቴን ባዶ እጁን ያስቀረውም እሱው ነው።

አባቴ አርብ አርብ ከጁምዓ ሲወጣ ይደውላል።

«መድኃኒቱ ደረሰ?»

«ገና ነው አባ።»

«ኢንሻ አላህ ይደርሳል። ለጎረቤቶቹም ነግሬያቸዋለሁ።»

አርብን መፍራት ጀመርኩ። በመጨረሻ መምህሩን ጠየቅሁት። የሚረጭ መድኃኒት ለትንሽ ገበሬ እንደማያዋጣ፣ የሚሻለው በሽታውን የሚቋቋም ዘር መትከል እንደሆነ፣ እሱም እስኪያፈራ ዓመታት እንደሚፈጅ ነገረኝ።

ለእረፍት ሰቃ ስወርድ ይህንኑ ለአባቴ ነገርኩት።

«እስከዚያ ምን እንበላለን?» አለና ተነሳ።

ብዙም ሳይቆይ ከቡናው ግማሹን ነቅሎ ጫት ተከለ። የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሱ መደወሉን ትቶ ነበር።

እኔ ከፍተኛ ውጤት አገኘሁ። መምህሩ ጠርቶ የመመረቂያ ሥራዬን በዚሁ እንድቀጥል፣ ናሙናም ከዚያው ከአባቴ ማሳ እንዳመጣ ነገረኝ። ሌላ ርዕስ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። «የተጀመረ ሥራ ያለሽ በዚህ ብቻ ነው» አለኝ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ሄድኩ። አባቴ ጫቱን እየኮተኮተ አገኘሁት።

«አባ፣ የታመመ ፍሬ ልለቅም ነበር።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ልቀሚ። እሱ እንደሆነ ሞልቷል።»

እኔ ወደ ቡናው ገባሁ፤ እሱ መኮትኮቱን ቀጠለ።