በየማለዳው ሙሉ የነበረው ራዲያተር

ዛሬ ጠዋት የኮሶዬን ዳገት ስንወጣ ማኪናዬ እንፋሎት ተፋች። የምንሄደው ክርስትና ነው፤ ባለቤቴ፣ የሻረግ፣ የአንዲት ሕፃን የክርስትና እናት ናት፤ እሷ ካልደረሰች ሕፃኗ አትጠመቅም።

እኔን ያናደደኝ ግን እንፋሎቱ አይደለም። ማኪናዋ እየሞቀች ስላስቸገረችኝ ሰባት ቀን በየማለዳው የራዲያተሩን ውሃ በእንጨት እየለካሁ መዝግቤ፣ «አያፈስም» ብዬ ደምድሜ ነበር።

አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆመልን። ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ነው። አጎንብሶ አየና፣ «መምህር፣ የታችኛው ቱቦ ያንጠባጥባል። ሰንብቷል» አለኝ።

ደብተሬን አሳየሁት። ሰባት ጊዜ «ሙሉ» ይላል።

የሻረግ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔ ነኝ ስሞላላት የሰነበትኩት።»

«በምን?»

«በጠበል ነዋ። አንተ ከመለካትህ በፊት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ። ሙቀቷ አልወርድ አለ እያልክ ስታማርር ጊዜ አሳዘነችኝ።»

ልጁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ታዲያ ምነው ዛሬ ሳይሞሉላት ወጡ፣ እትዬ?» አላት።

«ሳይነጋ አጣድፎ አስወጥቶኝ፣ መቼ ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ?»

ቱቦውን አጥብቆልን፣ እስክትበርድ ጠብቆ ውሃ ሞላልን። ስንደርስ የሕፃኗ እናት በር በሩን እያየች ነበር። ቄሱም ቆመው ጠብቀውናል። የዘገየንበትን ምክንያት አንድ ሳላስቀር አስረዳኋቸው።

ሰሙኝና፣ «ማኪናችሁ ሰባት ቀን ሙሉ ጠበል ጠጥታ እስካሁን የክርስትና ስም አላወጣችሁላትም?» አሉ።

ሕፃኗ ተጠመቀች። እኔም በደብተሬ ላይ ሰባቱንም «ሙሉ» ሰርዣለሁ።

እናንተስ? ልፋታችሁን በቅን ልብ ያበላሸባችሁ የቤት ሰው ካለ እስቲ ንገሩኝ፤ ብቻዬን አልሁን።