ታፔላ የሌላት ማሽን

ሌላው በትዳሩ ይመረራል፤ እኔ በቡና ማሽን ተመርሬ ኖሬአለሁ። ጅጅጋ ውስጥ ቀኝ ትከሻዬን የበላችው እሷ ናት። እንደ ዛሬዎቹ ቁልፍ ተጭነው የሚያዟት አልነበረችም። ሁለት ረጃጅም እጀታዎች አሏት። እጀታውን በሙሉ ክብደት ወደ ታች መሳብ፣ ውስጥ ያለው ሞላ ሲወጠር አጥብቆ መያዝ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። ቀስ ብሎ ያልለቀቀውን አገጩን ትለዋለች። አገጬ ላይ ያለው ጠባሳ የእሷ ነው።

የከተማችን ውሃ ደግሞ ማሽን አይወድም። በየወሩ ሆዷን ከፍቼ ነጩን ቅርፊት በሎሚና በቢላ ስፍቅ እውላለሁ። ውሃና እንፋሎቱ እንዳያመልጥ የሚይዘው ጎሚኒዋ ሲያልቅ መለዋወጫ የሚባል ነገር ስለሌላት፣ ከጭነት መኪና የውስጥ ጎማ በመቀስ ቆርጬ አበጅላታለሁ። በቡታጋዝ ስለምትሠራ መብራት ሲጠፋ የሌላው ቤት ማሽን ሁሉ ሲያርፍ የእኔዋ አታርፍም፤ እንዲያውም ያን ቀን ቡና ያማረው ሁሉ እኔ ላይ ይወርዳል። መብራት ኃይልን የእኔን ያህል የረገመ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሻይ ቤቱን የከፈተው አባቴ ነው፤ ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካለፈ በኋላ። ማሽኗን “ወደ አገሩ ከሚመለስ ግሪክ ነጋዴ ገዛኋት” ይል ነበር። ግንባሯ ላይ፣ የፋብሪካው ስም ያለበት ታፔላ መሆን በሚገባው ቦታ፣ አራት የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ አሉ። “ታፔላዋስ?” ስለው “ስገዛትም አልነበራትም” ይልና ወሬ ይቀይራል።

ደርግ በወደቀ ሰሞን አንድ ሶማሌ ሰውዬ መጡ። በጦርነቱ ጊዜ ከጅጅጋ ሸሽተው ሐርጌሳ የኖሩ፣ ሐርጌሳም በተራዋ ስትፈርስ የተመለሱ ናቸው። ከማሽኗ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡና ሻይ በወተት አዘዙ። ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ አይቀሩም፤ ቡና ግን አንድ ቀን አዘው አያውቁም። እኔ “አዴር” እላቸዋለሁ፤ አጎቴ እንደማለት ነው። እሳቸውም በሶማሌ ደንብ መልሰው እኔኑ አዴር ይሉኛል።

አባቴ ለሰው ሻይ ተሸክሞ የማያውቅ ሰው ነበር። ባለሥልጣን ቢገባ እንኳ ከባንኮኒው ንቅንቅ አይልም። ለአዴር ግን ራሱ ይወስድላቸዋል። ብርጭቆውን ያስቀምጥና ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ ይመለሳል። ያን ወንበር ሌላ ሰው ከያዘው ይቆጣል። እኔ ከስደት ለተመለሰ ሰው ማዘኑ ነው ብዬ አለፍኩት።

አባቴ ሲሞት ቤቱም ማሽኗም እኔ ላይ ወደቁ። ኳስ የሚያይ ወጣት እንዲመጣልኝ ቴሌቪዥን አስገባሁ። ለቴሌቪዥኑ ቦታ ስል የአዴርን ወንበር አንስቼ በሩ አጠገብ፣ የመንገዱ አቧራ የሚገባበት ጋ ወሸቅሁት። አዴር በማግስቱ መጥተው የድሮው ቦታቸው ላይ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ በሩ ጋ ሄደው ተቀመጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሽኗን የሚያዩዋት አንገታቸውን አዙረው ነበር። ሻያቸውንም አስተናጋጇ ነበር የምታደርስላቸው፤ እኔ ጊዜም ትከሻም አልነበረኝም።

እንዲህ ስንል ዓመታት አለፉ። አንድ ማለዳ አሮጌ የቡና ማሽን እያፈላለገ የሚገዛ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ከአንድ ሾፌር ስለ እኔዋ ሰምቶ ነው ካራማራን የተሻገረው። አባቴ የቀባትን አረንጓዴ ቀለም በጥፍሩ ፋቀ። በባትሪ ሆዷን አየ፣ እጀታዎቿን ለካ፣ ቦይለሩ ላይ የተመታውን ቁጥር በጣቱ እየዳበሰ ጻፈ። እኔ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ሐኪም ፊት እንዳለ አስታማሚ እጠብቃለሁ። ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አልነሳ ካለኝ ከርሟል። በደህና ዋጋ ከተሸጠች ቤቱን በማንቆርቆሪያ ብቻ አሠራውና አርፋለሁ፤ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

“እህቴ፣” አለኝ ሰውየው፣ “የጠረጠርኳት ከሆነች አገራችን ውስጥ ሁለተኛ አላውቅላትም። ግን እሷን አስመስለው የሠሩ ሌሎችም ነበሩ። ታፔላዋ ከሌለ መማል አልችልም። እንዲህ እንዳለች በብረት ዋጋ ነው የምወስዳት።”

በብረት ዋጋም ቢሆን ውሰዳት ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

“ታፔላዋ አለች” አሉ አዴር ከበሩ።

ሁለታችንም ዞርን። አዴር ከዘራቸውን ይዘው ተነሱና ወጡ። ሽማግሌ ምን አይልም ብዬ ሳቅሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ተመለሱ። መዳፍ የምታክል የነሐስ ታፔላ ናት፤ ጠቁራለች፣ ፊደሎቿ ግን አልጠፉም። ሰውየው ተቀብሎ ማሽኗ ግንባር ላይ ለጠፋት። አራቱ ቀዳዳዎች ከአራቱ ቀዳዳዎች ጋር ገጠሙ። ታፔላዋ ላይ ያለውና ቦይለሩ ላይ ያለው ቁጥርም አንድ ሆነ። “እሷው ናት!” ብሎ ጮኸ።

እኔ የማየው አዴርን ነበር።

“አዴር፣ ከየት አመጧት?”

“አባቴ ነው የፈታት፣ የሸሸን ቀን። ማሽኗ ትልቅ፣ መሸከም የለም። ‘ይህችን እንያዝ፣ ስንመለስ የእኛ መሆኗን ታሳያለች’ አለ። እሱ ሐርጌሳ ሞተ። እኔ ተመለስኩ።”

አባቴ ከግሪክ ነው የገዛት ልል ጀመርኩና አፌ ላይ ቀረ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ያን ሰዓት አባቴን ከመቃብር አውጥቼ ብጠይቀው ደስ ባለኝ።

“ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምነው ዝም አሉ?”

“መጀመሪያ ቀን ስመጣ ታፔላዋ ኪሴ ውስጥ ነበረች” አሉ። “አባትሽ አየኝ፤ ወዲያው አወቀኝ። ድሮ እኛ ሻይ ቤት ቡና ይጠጣ ነበር። ሻዩን ራሱ አመጣልኝ። አንቺ ደግሞ እዚያ ከእጀታው ጋር ትታገያለሽ። ምን ልበል? ነገ እናገራለሁ ብዬ ወጣሁ። በነጋታውም እንደዚያው ሆነ።”

“የእርስዎ ናት፤ ይውሰዷት” አልኳቸው። ከልቤ ነበር።

“የት ላድርጋት? አንድ ክፍል ነው ያለኝ። ሽጪያት፣ አዴር። እኔም ደክሞኛል። እሷ እዚህ እያለች ሳልመጣ መዋል አልቻልኩም።”

ዋጋዋን እኩል እንካፈል ብዬ ለመንኳቸው። “ሻዬ ቀዝቅዟል” አሉኝ። ድርሻቸውን ኋላ ለልጃቸው ሰጠሁ እንጂ እሳቸው እጃቸውን አልዘረጉም።

አራት ሰዎች ተሸክመው ፒክአፕ ላይ ጫኗት። ባንኮኒው ላይ እግሮቿ የነበሩበት ምልክት ቀረ። ያን ዕለት ከሰዓት ቴሌቪዥኑን አውርጄ የአዴርን ወንበር ወደ ድሮ ቦታው መለስኩት። ከእንግዲህ አይመጡም ብዬ ነበር።

ማለዳ መጡ። ወንበራቸውን አዩና ተቀመጡበት፤ ፊታቸውን ወደ ባዶው ባንኮኒ አደረጉ። አስተናጋጇን ተይ አልኳትና ሻዩን እኔው ይዤላቸው ሄድኩ። ቀና ብዬ “ደህና አደሩ፣ አዴር” ልላቸው ነበር ያሰብኩት። ብርጭቆውን አስቀመጥኩና ዓይኔን ከጠረጴዛው ማንሳት አቃተኝ።