ከፈረስ የሚወረድበት ኮሶ

የአለቃዬ ትእዛዝ አጭር ነበር። «ከውጭ አገር አንድ የወፍ ተመራማሪ መጥተዋል። በአገራችን ብቻ የሚገኙትን ወፎች ማየት ይሻሉ። አካባቢው የተወለድክበት ነውና አንተ ትመራቸዋለህ።»

ጊዜው የሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ቦታው ዳንግላ የሚገኘው የአውራጃ ግዛት ጽሕፈት ቤት ነው። እኔ በዚያ ቤት ገና ያልከረምኩ ጸሐፊ ነበርኩ። ከመንደራችን ተነሥቶ የመንግሥት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም፤ አባቴም ይህንን በገበያም በማኅበርም ሳይጠየቁ ያወሩት ነበር። ትእዛዙን ስቀበል ደስ ብሎኝ እንደነበር አልሸሽግም። በልጅነቴ ድምፃቸውን ሰምቼ የምለያቸውን ወፎች ለማየት ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው መኖሩ ራሱ ኩራት ነበር።

የሄድንበት ቦታ ከእንጅባራ በጥርባ በኩል የሚገኝ የአንድ ደብር ደን ነው። እኛ «ደሴቱ» እንለዋለን። በበጋ ዙሪያው የግጦሽ ሜዳ ነው፤ ክረምቱ ሲያበቃ ግን ሜዳው ውኃ ስለሚያቁር፣ ዝግባውና ጥቁር እንጨቱ ከረግረግ መካከል እንደ ደሴት ብቻውን ይቆማል። መግቢያውም በድንጋይ የተደለደለ አንድ ቀጭን መንገድ ብቻ ነው። የመጣንበት ላንድሮቨር በጭቃው ምክንያት እንጅባራ ስለቀረ፣ ፈረስ ተከራይተን በእሑድ ማለዳ ወጣን።

እንግዳው ጸጉራቸው የሸበተ፣ ረጅም፣ ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ። በአንገታቸው የሩቅ መነጽር፣ በትከሻቸው ቀጭን የወፍ ጠመንጃ አንግተዋል። ረግረጉ ዳር ስንደርስ ጋጋኖዎች ጠማማ መንቆራቸውን ጭቃው ውስጥ እየሰደዱ ትል ይለቅሙ ነበር። ትንሽ እልፍ ብሎ ክንፉ ሰማያዊ የሆነው ዝይ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጀርባው ላይ ጥሎ፣ ርስቱን እንደሚጎበኝ ባላባት ይንጎራደዳል። እንግዳው ከፈረሳቸው ሳይወርዱ መነጽሩን አንሥተው ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«ይህ ወፍ ከዚህ አገር በቀር በየትም የለም» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

«እኛም እንዲሁ ነን» አልኳቸው። ሳቁ። እስከዚያ ድረስ በጣም ተስማምተን ነበር።

መንገዱ ወደ ደኑ በሚገባበት ጫፍ ላይ ትልቅ ኮሶ አለ። የደብሩ ሰው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ከፈረሱ ይወርዳል። ሙሽራም ብትሆን ትወርዳለች፤ አስከሬን ይዞ የመጣም ይወርዳል፤ ሹምም ይወርዳል። መሣሪያ የያዘም መሣሪያውን ከግንዱ አስደግፎ በእግሩ ይገባል። የዚያን ዕለት ቅዳሴ ስለነበር፣ ከኮሶው ሥር ፈረሶች ታስረው፣ ምንሽሩም አልቤኑም ውጅግራውም ግንዱን ከቦ እንደ ማገዶ ተደርድሮ ነበር፤ ጠባቂ የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም።

የደብሩ ገበዝ፣ እኔን ክርስትና ሲያነሡኝ የነበሩ ሽማግሌ፣ በዛፉ ሥር ቆመው ተቀበሉን።

«የዳንግላው ጸሐፊ!» አሉኝ በአካባቢያችን ቋንቋ፣ በአውኝኛ። «ኮት ለብሰህ ሳይህ ዳኛ መስለኸኝ ልሸሽ ነበር።»

«እርስዎ ከዳኛ የሚሸሹበት ጉዳይ አለዎት እንዴ አባ?»

«በዚህ ዘመን የሌለው ማን አለ? ለመሆኑ እንግዳህ ደህና ናቸው? ጠመንጃቸውን እዚህ ያኑሩና ይግቡ።»

ተረጎምኩ። እንግዳው በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከበላይ የተጻፈ ፈቃድ ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ፤ ፈቃዱም ወፍ ተኩሰው፣ ቆዳውን በጥጥ ሞልተው ለአገራቸው ሙዚየም እንዲወስዱ ይላል። እኔ ወፍ ማሳየት እንጂ ወፍ ማስገደል መታዘዜን እስከዚያ ሰዓት አላወቅሁም ነበር። ከሁሉም በላይ የሚፈልጉት ጀርባው ወርቅ መሰል የሆነውን ትንሽ ግንደ ቆርቁር ነው።

«ፈቃዱ የሚከለክለው የቤተ ክርስቲያንን ቅጥር ነው» አሉ፤ ከዛፎቹ መካከል ሩቅ የሚታየውን የድንጋይ ካብ በጣታቸው እያሳዩ። «ቅጥሩ ያውና። እኔ ከቅጥሩ ውጭ እተኩሳለሁ።»

ስተረጉምላቸው ገበዙ አልተቆጡም። «ካቡን እኛ ነን የካብነው፤ ከብት እንዳይገባ። ወሰኑ ግን ይህ ነው። እኔን ካላመኑ ፈረሳቸውን ይጠይቁ።»

እውነትም የእንጅባራው የኪራይ ፈረስ፣ ማንም ሳይገታው፣ ኮሶው ሥር ሲደርስ ራሱ ቆሞ ነበር።

እንግዳው ከፈረሱ ወረዱ፤ ጠመንጃውን ግን ከትከሻቸው አውርደው አጎረሱት። በዚያች ቅጽበት ነገሩ በእኔ ላይ እንደ ወደቀ ገባኝ። በእኛ አገር እንግዳ ያመጣ ሰው ለእንግዳው ዋስ ነው፤ ጥፋቱም ልማቱም በአምጪው ይቆጠራል። ከዚያ ደን አንዲት ጥይት ብትሰማ፣ የተኮሰው ፈረንጅ ቢሆንም ያስተኮሰው የእገሌ ልጅ ነው ይባላል፤ አባቴም ያንን ስም ይዘው በማኅበር አይቀመጡም። ትእዛዙን ብጥስ ደግሞ ወንበሬ ይሄዳል። በድንጋይ በተደለደለው ቀጭን መንገድ መካከል ሄጄ ቆምኩ።

«ዞር በል» አሉኝ።

«አልዞርም።»

«ፈቃድ አለኝ።»

«አውቃለሁ፤ አይቼዋለሁ። አሁንም አልዞርም።»

«ሥራህን ታጣለህ።»

«እኔ ሥራዬን ባጣ ሌላ ጸሐፊ ይቀጠራል። እዚህ ከተተኮሰ ግን እኔ በዚህ መንገድ ወደ ወገኖቼ ተመልሼ አልገባም።»

እግሬ እንዳልተንቀሳቀሰ ዛሬም አስታውሳለሁ። እንግዳው ግንዱን የከበቡትን መሣሪያዎች አይተው፣ ጠመንጃቸው ውድ እንደሆነና ለማንም ጥለውት ሊሄዱ እንደማይችሉ ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አሉኝ ገበዙ።

«ይሰረቅብኛል ይላሉ።»

«ይህ ሁሉ ምንሽር ተደርድሮ ሳለ፣ የድንቢጥ ማስፈራሪያ የሚሰርቅ ሌባ ካለ እኔ ራሴ እርዳታ እለምንለታለሁ!»

«ይህንንም ልተርጉመው?»

«ተርጉመው። እንዳታለዝበው!»

ሳላለዝብ ተረጎምኩ። የእንግዳው ከንፈር ሳይወዱ በግድ ፈታ አለ። ጥይቱን አውጥተው ኪሳቸው ከተቱና ጠመንጃውን ከውጅግራዎቹ አጠገብ አስደገፉት። ገባን።

ስለ ወፎቹ እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያን ዕለት ያለ ቀን ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም። ደኑ ከዝናብ በኋላ ጠል ያንጠባጥባል። ሶሪት ከዝግባው ላይ ስትነሣ የክንፏ ቀይ ድንገት ተገልጦ ተከደነ። ጥቁሩ ቁራ በወፍራም መንቆሩ እየጮኸ፣ ስንነጋገር ቁልቁል ተመለከተን። ግንደ ቆርቁሩን በመጀመሪያ የሰማነው በጆሯችን ነው፤ ከዚያ በደረቀ የወይራ ቅርንጫፍ ላይ፣ ጭንቅላቱ ቀይ፣ ጀርባው ወርቅማ ሆኖ፣ ዛፉን እየዞረ ሲወጣ አገኘነው። እንግዳው መነጽሩን ሳያወርዱ ቆሙ። እንባ ይሁን ጠል ጉንጫቸው ረጥቦ ነበር። መነጽሩን ለእኔ ሰጡኝ፤ እኔም ለገበዙ።

«ምን ዋጋ አለው» አሉ እንግዳው በመጨረሻ። «ወፉን በእጄ ካልያዝኩ እዚህ እንዳየሁት ማን ያምነኛል?»

ገበዙ ይህንን ሲሰሙ ገረማቸው። «እርሳቸው አይተዋል፤ አንተ አይተሃል፤ እኔም አይቻለሁ። ሦስት ምስክር ለነፍስ ነገር እንኳ ይበቃል፤ ለወፍ እንዴት ያንሳል?»

እንግዳው በዚህ አልሳቁም። ጠመንጃቸውን ከኮሶው ሥር አነሡና ወደ እንጅባራ ተመለስን።

በማግስቱ ዳንግላ ላይ አለቃዬ አስጠሩኝ። አለቃዬ ከሌላ ጠቅላይ ግዛት የመጡ፣ ክፉ ያልሆኑ፣ ግን ከበላይ የሚመጣ ነቀፋ እንደ ብርድ የሚያንቀጠቅጣቸው ሰው ነበሩ።

«ለመንግሥት ነው የምትታዘዘው ለወፍ?» አሉኝ።

«ለመንግሥት ነው ጌታዬ። ፈቃዱም ቅጥር አትድፈሩ ይላል። ቅጥሩ ከየት እንደሚጀምር ደግሞ ባለቤቶቹ ነገሩን።»

«ነገረ ፈጅ ሆነህ መጣህ! ነገ ከፖሊስ ጋር ትመልሳቸዋለህ፤ ተኩሰው ይመለሳሉ።»

«መልሼ አልወስዳቸውም።»

«አትወስዳቸውም?»

«አልወስዳቸውም ጌታዬ። ደመወዜ በእጅዎ ነው፤ ስሜ ግን በእጅዎ አይደለም።»

በዚያው ሳምንት ወደ ጫግኒ ተዛወርኩ። ጫግኒ ያን ጊዜ ለደጋ ሰው መዛወሪያ ሳይሆን መቀጫ ነበር፤ ሙቀቱና ወባው ከአለቃ ይልቅ ይገዛል። እንግዳው ያለ እኔ፣ አንድ ፖሊስ ተመድቦላቸው ወደ ደሴቱ ተመልሰው ነበር። የሆነውን የሰማሁት ከራሱ ከፖሊሱ ነው፤ እህል ለመሸመት ጫግኒ ወርዶ አገኘኝ። የዚያው የደሴቱ አካባቢ፣ የባንጃ ልጅ ነው።

«ኮሶው ሥር ስንደርስ» አለኝ፣ «ከፈረስ ወረድኩና ጠመንጃዬን አስደገፍኩ። የእርሳቸውንም ከትከሻቸው ተቀብዬ አጠገቡ አቆምኩ። ሁልጊዜ የማደርገው ነው፤ እጄ እንጂ ልቤ መቼ አሰበው! ቀና ስል ሰውየው አፍጥጠው ያዩኛል። ለምን እንደተላክሁ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያስቀመጥኩትን አንሥቼ ልስጣቸው? ሰው እያየኝ? የመጣው ይምጣ አልኩ።»

እንግዳው በሩቅ መነጽራቸው እያዩ ውለው ያለ ቆዳ ተመለሱ። ፖሊሱም የእኔ ጎረቤት ሆኖ ጫግኒ ይዛወራል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ስለ እርሱ ግን ማንም ሪፖርት አላደረገም።

የይቅርታ ማመልከቻ ብጽፍ ወደ ዳንግላ እንደምመለስ በአማላጅ ተነገረኝ። ሥራዬ የሌላውን ሰው ማመልከቻ መጻፍ ነበር፤ «በድያለሁ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ በጥሩ ጽሕፈት እንደጻፍኩት አላውቅም። በራሴ ስም ግን አልጻፍኩትም። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ሥራ እስከ ጡረታ ቆይቻለሁ፤ ዕድገቴም ዘግይቶ መጥቷል። የዘገየበትን ምክንያት ሲጠይቁኝ ሳላፍር እናገራለሁ።

ለመጀመሪያው ፋሲካ ዕረፍት አግኝቼ ከጫግኒ ወደ አገሬ ወጣሁ። ወባው ሁለት ጊዜ ጥሎኝ ስለነበር ኮቴ ከትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሏል። አባቴ ከማኅበርተኞቻቸው መካከል፣ እንደ ወትሮው በቦታቸው ተቀምጠዋል። ገበዙ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ጮኹ።

«ምነው እንዲህ ከሳህ አንተ? በላህ ማለት ነው ቆላው?»

«ወባ በላኝ አባ» አልኳቸው፣ አባቴ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ከወባ ሌላ ማንም፣ አለቃም ቢሆን፣ አልበላኝም።»