ከማሉዲን በግራ እጁ አይሰጥም

አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ከወይዘሮ ኸሊዳ ጋር ዋጋ የሚከራከር ሰው ወይ ለከተማው እንግዳ ነው፣ ወይ ጊዜ የተረፈው። የከባድ መኪና ሾፌሮች ከጅቡቲው መንገድ ዳር ባለችው ሱቋ ቆመው ውሃና ብስኩት ሲገዙ፣ "እናት፣ ትንሽ ቀንሺ እንጂ" ይሏታል። እሷም ቀና ሳትል፣ "አንተ መጀመሪያ ፀሐዩን ቀንስልኝ፣ እኔ ደግሞ ውሃውን እቀንስልሃለሁ" ትላለች። ስድሳ ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ሃያ ዓመት አለፈው፤ ሦስት ልጆች በዚያችው ሱቅ አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። ሰው አዋሽን "ምሳ ተበልቶ የሚታለፍባት ከተማ" ሲላት ከሰማች ግን ያ ሰውዬ ምሳው አይረጋለትም።

አንድ ነገር ብቻ ዘወትር ይቆረቁራታል። የአባቷ ፎቶ የላትም። ከማሉዲን እንድሪስ ከወሎ ወርዶ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ከፍቶ፣ ሰላሳ ዓመት ሙሉ ስኳርና ሻይ ቅጠል፣ ሽርጥና ፋኖስ የሸጠ ሰው ነበር። አንዲት የመታወቂያ ፎቶ ነበረችው፤ ሱቁ ሲፈርስ ከዕቃው ጋር የት እንደገባች አልታወቀም። ልጆቿ "አያታችን ምን ይመስል ነበር?" ሲሏት የወንድሟን የመሀመድአሚንን ፊት እያሳየች፣ "ይኸው፣ አፍንጫውን ትንሽ ቀና አድርጉት" ትላቸው ነበር።

እናም ባለፈው የካቲት አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የመሀመድአሚን ልጅ ሙኒያ፣ ሰመራ መምህርት የሆነችው፣ በስልክ አንድ ፎቶ ላከችላት። "አክስቴ፣ ይኼ ሰውዬ አባቴን ቁርጥ አይደል?"

ኸሊዳ መነጽሯን አደረገች። የድሮ ሱቅ ነው። በሩ ላይ ነጭ ቆብ ያደረገ ቀጭን ሰው ቆሟል።

"አባዬ!" ብላ ጮኸች። ብስኩት ሊገዛ የቆመው ሾፌር ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ፎቶው ሰመራ ላይ በማግስቱ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን ለሚከፈት የድሮ ፎቶዎች ዐውደ ርዕይ የተዘጋጀ ነው። ከሥሩ "የሱቅ ፊት፣ ድሬዳዋ፣ 1940ዎቹ" ተብሎ ተጽፎበታል። ኸሊዳ ይህን ስታነብ ደሟ ፈላ። ወዲያው ለሙኒያ ደውላ፣ "የጻፈውን ሰው አቅርቢልኝ" አለቻት።

የጻፈው አቶ በላይ ነበር፤ በጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር፣ የዐውደ ርዕዩ አዘጋጅ። በትሕትና ነው ያናገራት።

"እማማ፣ እኛም መጀመሪያ አዋሽ መስሎን ነበር። ግን የባቡሩን የውሃ ታንከር ይመልከቱት። አዋሽ ላይ ሱቆቹን ፊት ለፊት ሲያዩ ታንከሩ በስተቀኝ ነው የሚቀረው። እዚህ ፎቶ ላይ በስተግራ ነው። ስለዚህ አዋሽ ሊሆን አይችልም።"

"ሰውየውስ?"

"ሰው ከሰው ይመሳሰላል፣ እማማ።"

ኸሊዳ ስልኩን ዘግታ ፎቶውን እንደገና አየች። እውነቱን ነው፤ ታንከሩ በግራ ነው። ያንን ታንከር ልጅ ሆና ስንት ጊዜ ሥሩ ተጫውታለች፤ የት እንደቆመ ጨለማ ውስጥም አትስተውም። ግን የአባቷ ፊት ነው።

በማግስቱ ሱብሒ ሰግዳ ሚኒባስ ተሳፈረች። ገዋኔን ሲያልፉ አጠገቧ የተቀመጠው ጎልማሳ ጨዋታ ፈልጎ፣ "ሰመራ ምን ጉዳይ ገጠመዎት?" አላት።

"አባቴን ከድሬዳዋ ላስመልስ።"

"ውይ፣ ታመው ነው?"

"ኧረ ሞቷል። ሠላሳ ዓመቱ።"

ሰውየው እስከ ሚሌ ድረስ በመስኮቱ ሲመለከት ነው የሄደው።

ሰመራ ስትደርስ ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል። ሙኒያ በባጃጅ ተቀብላ ወደ አዳራሹ ወሰደቻት። አቶ በላይና ረዳቱ ሰርክአዲስ መሰላል ላይ ፎቶ ይሰቅላሉ። ኸሊዳ ሰላምታዋን ሰጥታ ወንበር ሳበችና መሐል አዳራሹ ላይ ተቀመጠች።

"እኔ እዚህ ነኝ" አለች። "አባቴን አዋሽ እስክትመልሱልኝ አልነሳም።"

"እማማ፣ ያለ ማስረጃ ልለውጠው አልችልም" አላት አቶ በላይ። "ልብዎን ላስደስት ብዬ ብጽፈው፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው መጥቶ የራሱ አባት ያደርገዋል።"

"ልቤን አስደስተኝ ያለህ ማን ነው? በል ፎቶውን አምጣልኝ።"

አመጡላት። በስልክ የምታውቀው ያ ትንሽ ፎቶ አሁን የበር ያህል ሆኗል። አፍንጫው ራሱ ነው። በረንዳውን የተሸከሙት ሦስቱ የሐዲድ ብረቶች፣ ጫፋቸው ላይ ካለው የብሎን ቀዳዳ ጋር ይታያሉ። በስልክ ጭልም ብሎባት የነበረውም አሁን ፍንትው አለ። ጊሌ የተባለውን ጩቤ ወገቡ ላይ የታጠቀ አንድ የአፋር ሰው በረንዳው ላይ ቆሟል፤ አባቷ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ያቀብለዋል።

ኸሊዳ ወደ ፎቶው ተጠጋች፤ ራቀች፤ ደግማ ተጠጋች። ከዚያ ከት ብላ ሳቀች።

"ምነው አክስቴ?" አለች ሙኒያ ደንግጣ።

"አቶ በላይ፣ ና እስቲ። ይኼ ሰውዬ ስኳሩን በየትኛው እጁ ነው የሚሰጠው?"

"በ… ግራው።"

"የሚቀበለውስ?"

አቶ በላይ ጎንበስ አለ። "እሱም በግራው።"

"ወላሂ፣ ከማሉዲን ለሰው በግራ እጁ ከሚሰጥ ሱቁን ቢዘጋ ይሻለዋል! እኔን ትንሽ ልጅ ሆኜ ሳንቲም በግራዬ ብቀበል እጄን በመስፈሪያ ይመታኝ ነበር። እሺ፣ አባቴ ያን ቀን አበደ እንበል። ያ አፋሩስ? የሰው ሲሳይ በግራው ይቀበላል? ሁለት እስላም በረንዳ ላይ ቆመው በግራ ይሰጣጣሉ? የት አገር ነው እንዲህ የሚደረገው፣ ድሬዳዋ?"

አቶ በላይ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

"ሰርክአዲስ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ኮምፒዩተሩ ላይ አውጪውና ግራና ቀኙን አገላብጪው። ፊልሙ በጀርባው ሆኖ ታትሞ እንዳይሆን።"

ሰርክአዲስ አገላበጠችው። ስኳሩ ወደ ቀኝ እጅ ተሻገረ። የአፋሩም ቀኝ እጅ ተዘረጋ። ታንከሩም ከግራ ተነሥቶ በስተቀኝ፣ አዋሽ ላይ በሚቆምበት ቦታ ቆመ።

ሙኒያ አክስቷን ከኋላ አቀፈቻት። አቶ በላይ ግን እንደ መምህር በራሱ ማፈሩን በግልጽ ተናገረ፤ "ሦስት ወር አየሁት። አንድ ቀን እጃቸውን አላየሁም።"

"አብሽር፤ አንተ ታንከር ስታይ ነበር" አለችው። "አሁን ደግሞ ዓመቱን አርም። አርባዎቹ አይደለም። መደርደሪያው ላይ የኛ ሬዲዮ ይታያል፤ የተገዛው መሀመድአሚን በተወለደ ዓመት፣ በ1959 ነው። ብረቶቹ ደግሞ ሦስቱም ቆመዋል። እኔ አንደኛ ክፍል በገባሁበት በ1964 አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ የዳሩን አጎበጠው፤ ዓይኔ እያየ። ከዚያ ወዲያ አባዬ በእንጨት ነው የተካው።"

አቶ በላይ በደስታ ጻፈ። "እንግዲያው መሐሉን ይዘን 1962 እንበለው። ለተመልካች አንድ ዓመት ይቀለዋል።"

"ስድሳ ሁለት መሆኑን ታውቃለህ?"

"አላውቅም፤ ግን…"

"እኔም አላውቅም። ድሬዳዋ አትበል ብዬ ይኼን ሁሉ መንገድ መጥቼ፣ አሁን እኔው ራሴ ከኪሴ ዓመት ላውጣልህ? ከ1959 እስከ 1964 ብለህ ጻፍ። ተመልካቹ ከከበደው ይቀመጥ፤ ወንበሩን እለቅለታለሁ።"

ጻፈ። ሰርክአዲስ አዲሱን ወረቀት አትማ አመጣችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላት፤ "የሐጂ ከማሉዲን እንድሪስ ሱቅ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከ1959 እስከ 1964 ዓ.ም."

ኸሊዳ ራሷን ነቀነቀች። "ሐጂ የሚለውን አውጪ።"

"እኔ ነኝ ለክብራቸው ያስገባሁት፣ እማማ" አለ አቶ በላይ።

"አላህ ይስጥህ። ግን ሐጅ አላደረገም። እሄዳለሁ እያለ፣ ስንቁን ሲያሰናዳ ኖሮ ሳይሄድ ነው የሞተው። የሠራው ይበቃዋል፤ ያልሠራውን አትስጡት።"

ሰርክአዲስ ሦስተኛውን ወረቀት አተመች። ኸሊዳ ይህን ጊዜ ራሷ ተቀብላ፣ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ አንድም ቃል ሳትዘል አነበበችው።

"በሉ አሁን ስቀሉት" አለች።