እትዬ ትርፌና የክረምቱ መግቢያ

በኮልፌ ገበያ ቅቤ ሲሸጡ የምታውቋቸው፣ እኛ ጎረቤቶቻቸው እትዬ ትርፌ እያልን የምንጠራቸው ወይዘሮ ትርፌ ባለፈው ሳምንት ከመካከላችን ተለይተዋል። ወሬው የደረሰኝ ከጓሮ የተሰጣ ልብስ ሳነሳ ነው። ወጨጫ ተራራ በደመና ተሸፍኗል፤ ነፋሱ የደጁን አቧራ ወደ ቤት ይነዳል፤ ነጎድጓዱም ከሩቅ ያጉረመርማል። በዚህ መሃል የእድራችን ጥሩንባ ነፊ በላይኛው መንገድ ላይ ስማቸውን ሲጠራ ሰማሁ። ልብሱን እንዳቀፍኩ ቀረሁ። ቀድሞ የመጣብኝ ኀዘን ሳይሆን ፍርሃት ነበር። «ክረምቱ ሊገባ ነው፤ እሳቸው ደግሞ የሉም» አልኩ ለራሴ።

ከእናንተ መካከል «ፈሪዋ ትርፌ» ስትሉ የኖራችሁ አላችሁ። እሳቸውም ይሰሙ ነበር፤ ግን ተቆጥተው አያውቁም። «አዎ፣ ፈሪ ነኝ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ምንም የማይፈራ ሰው ነው» ይሉ ነበር። ይህ ፍርሃታቸው ምን እንደሠራ በዓይኔ አይቻለሁና፣ ከመቃብራቸው ላይ አፈሩ ሳይደርቅ ልንገራችሁ።

ወደ ግቢያቸው የገባሁት ከደብረ ብርሃን የመጣሁ አዲስ ሙሽራ ሆኜ ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አሰብ መንገድ ላይ ይሰነብታል። እትዬ ትርፌ ባላቸው ሞተውባቸው ልጅም ሳይኖራቸው ከፊት ባለው ቤት ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። ከኋላ፣ ዳገቱን ተደግፈው የቆሙ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። በአንዱ እኔ፣ በሌላው ደግሞ ባሻ ደምሴ የሚባሉ አዛውንት እንኖራለን። ባሻ በአርበኝነት ዘመን እግራቸውን ቆስለው የሚያነክሱ፣ ኩሩና ተጫዋች ሰው ነበሩ።

ያን ዓመት ግንቦት ሲጋመስ ሌላው ሰው ገና የበጋውን ፀሐይ እየሞቀ ሳለ እትዬ ትርፌ እንቅልፍ አጡ። ጠዋት ከገበያ በፊት፣ ከሰዓት ከገበያ መልስ፣ ቤቱን ይዞሩታል። የቆርቆሮውን ምስማር አንድ በአንድ በጣታቸው ይነካካሉ። ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። የተሰነጠቀውን በጭድ ጭቃ ያስመርጋሉ። ማገዶው ከአልጋ ሥር ይገባል፤ የዱቄቱ ጆንያ ከወለሉ ከፍ ብሎ በጣውላ ላይ ይቀመጣል። ከሁሉ በላይ የሚጨነቁት ግን በጓሯችን፣ ከዳገቱ ግርጌ ላለው የውሃ ቦይ ነው። በራሳቸው እጅ ይቆፍሩታል፤ ቅጠል የገባበት እንደሆነ ጎንበስ ብለው ያወጣሉ። ዳር ዳሩን እንሰት ተክለውበት ነበር።

ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ሆዴም ገፍቷል። እትዬ ትርፌ ወደ ክፍሌ መጥተው አልጋዬን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረጉልኝ፤ የራሳቸውን ወፍራም ብርድ ልብስም አመጡልኝ። በየመሃሉ ዞር እያሉ ግድግዳውን ያዩ ነበር።

«እትዬ፣ ዝናብ እኮ ነው! ምን ያስፈራል?» አልኳቸው።

«ሰማዩን አይደለም የምፈራው ጽጌ። መሬቱን ነው። ሰማይ ሲቆጣ ይጮሃል፤ ትሰሚዋለሽ። መሬት ግን ዝም ብሎ ይሄዳል።»

ያኔ አልገባኝም። በሌላ ቀን፣ ቅቤያቸውን ለገበያ በኮባ ቅጠል እየጠቀለሉ ሳለ፣ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። በጉራጌ አገር፣ በልጅነታቸው፣ በክረምት ውሃ ሊቀዱ ወርደው ሲመለሱ ቤታቸው የነበረበት ቦታ ላይ ቤት የለም። ዳገቱ እናታቸውንና ሁለት ታናናሽ ወንድሞቻቸውን ይዞ ወርዷል። «እንስራውን እንዳዘልኩ ቆሜ መንገድ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ሌላ ሰው አገር የገባሁ መሰለኝ» አሉኝ። ከዚያ ቅቤውን መጠቅለል ቀጠሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍርሃታቸው የኔም ሆነ። ጣሪያው ጠብ ባለ ቁጥር እደነግጣለሁ። ነፋስ በሩን ሲገፋው ሆዴን በሁለት እጄ እይዛለሁ። ባለቤቴ ሲመጣ ብነግረው ሳቀና «አሮጊቷ አሳበዱሽ» አለኝ። በማግስቱ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ከኛ በላይ፣ በዳገቱ አናት ላይ፣ አንድ ባለጸጋ ቪላ ያሠራ ነበር። ለመሠረት የተቆፈረው አፈርና ድንጋይ ከኛ ጓሮ በላይ ዳገቱ ጫፍ ላይ ተቆልሎ ነበር። እትዬ ትርፌ ክምሩን ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይገረጣል። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ባለጸጋው ሄዱ፤ «እሜቴ፣ አፈሩ ከክረምት በኋላ ይነሳል» ብሎ ሸኛቸው። ወደ አጥቢያ ዳኛው ሄዱ፤ «ከመስቀል በኋላ እናየዋለን» አሏቸው። ደግመው ሄዱ። በሦስተኛው ሲመለሱ ደጄ ላይ ቆመው «ሁሉም ከክረምት በኋላ ይላል። ክረምቱን ማን ያሳልፈናል?» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም ያለ ማቋረጥ ይወርድ ጀመር። ልብስ አይደርቅም። እንጨቱ ጭሱ እንጂ እሳቱ የለም። በጓሮ ቦዩ ቀን ከሌት ይጮኻል፤ እኔም ጩኸቱን ለመድኩት።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጎመን እየቀነጠስኩ ሳለ የሆነ ነገር ረበሸኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ወዲያው እትዬ ትርፌ በሩን በርግደው ገቡ። ነጠላ የለ፣ ጫማ የለ። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል።

«ቦዩ ደርቋል» አሉ።

«እህ?»

«ዝናቡ እየዘነበ ቦዩ ደርቋል! ውሃውን ከላይ የያዘው ነገር አለ። ተነሺ! ምንም አትያዢ፣ ውጪ!»

ያን ጊዜ ነው የረበሸኝ ነገር የገባኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከጓሮ ግን ድምፅ የለም። ጎመኑን ጥዬ ተነሳሁ። በብብቴ ገብተው ደግፈው ከግቢው አወጡኝና ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ በረንዳ ላይ አቆሙኝ። «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ» አሉኝና ወደ ግቢው ዞሩ። «እትዬ፣ አይመለሱ!» ብዬ ጮህኩ። «ባሻ አሉ» ብለው ሮጡ።

የግቢው በር ክፍት ስለነበር የባሻ ደጃፍ ከቆምኩበት ይታየኛል። ባሻ በራቸውን ከፍተው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ድምፃቸው እስከኔ ይሰማል።

«ትርፌ፣ እኔ ደምሴ ከጠላት መትረየስ ያልሸሸሁ ከጭቃ ልሽሽ? ሂጂ ወዲያ!»

ይጮኹባቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኹም። ዝናቡ እየወረደባቸው ከፊታቸው ጎንበስ አሉ።

«ባሻ፣ እርስዎ አይፍሩ። እኔ ግን ፈርቻለሁ፤ እግሬ አልራመድ አለኝ። ብቻዬን አይተዉኝ። እስከ መንገዱ ድረስ ብቻ ይሸኙኝ።»

ባሻ ቀና ብለው አዩዋቸው። ከዚያ ከዘራቸውን አንስተው ተነሱ፤ ክንዳቸውንም ሰጧቸው። «አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» ሲሉ ሰማሁ። ሁለቱ ተያይዘው፣ አንዱ እያነከሱ፣ አንዷ እየተንቀጠቀጡ፣ በዚያ ዝናብ ግቢውን ሲያቋርጡ የሚፈጅባቸው ጊዜ ማለቂያ የሌለው መሰለኝ። ዓይኔ ከላይ ካለው ክምር ላይ ተተክሎ ነበር።

መንገዱን ተሻግረው ከጎኔ እንደቆሙ ክምሩ ሄደ። እትዬ እንዳሉትም፣ ሲጀምር ድምፅ አልነበረውም። መጀመሪያ እንሰቶቹ ሲያዘነብሉ አየሁ፤ ከዚያ የኔና የባሻ ክፍል ጣሪያ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ነው ጩኸቱ የመጣው። የቆርቆሮው ሲጢጥታ፣ የእንጨቱ ስብራት፣ የድንጋዩ ግጭት። ጭቃው የፊተኛውን ቤት ግማሽ ይዞ ግቢው መሃል ቆመ። ሰፈሩ ሁሉ «እግዚኦ!» እያለ ወጣ።

እትዬ ትርፌ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን እኛን ይቆጥሩ ነበር። እኔን፣ ባሻን፣ እንደገና እኔን በእጃቸው እየነኩ «አላችሁ፣ አላችሁ» ይሉ ነበር።

ምጥ የያዘኝ በማግስቱ በጎረቤት ቤት ነው። ራሴን ሳውቅ እትዬ ትርፌ ራስጌዬ ተቀምጠው ነበር፤ ከጣሪያው ጥግ ጠብ የሚለውን ውሃ በሳፋ እየተቀበሉ። ሴት ልጅ ወለድኩ። ሲያቅፏት እጃቸው አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበርና «ያዟት፣ እጥላታለሁ» ብለው መልሰው ሰጡኝ። ቤታቸውን አጥተው ሳለ ግን የተረፈውን ጣውላ አሰብስበው፣ ከመንገዱ ማዶ ሜዳ ላይ መጠለያ ሲያሠሩ ከራሳቸው ክፍል በፊት የባሻን ክፍል አስጨረሱ። ባሻ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከጭቃ ሸሹ የተባሉ እንደሆነ «እኔ ሴትዮዋን ልሸኝ ነው የወጣሁት» ይሉ ነበር። እትዬ ትርፌም «እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው ባይሸኙኝ አልወጣም ነበር» እያሉ ይመሰክሩላቸው ነበር። ውሸት ነው ብዬ አስብ ነበር። አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የበጋው ፀሐይ ሲደክም ቁልቁለቱን ቤት ለቤት ሲዞሩ አይታችኋል። «ጓሯችሁን አያችሁ? ቦያችሁን ጠረጋችሁ?» ይሉ ነበር። አንዳንዶቻችሁ በር ዘግታችኋል። ዘግይታችሁ የከፈታችሁም አላችሁ፤ እነሆ ልጆቻችሁ በሕይወት አሉ።

በሕመማቸው ወራት ልጠይቃቸው ስሄድ ከመስኮቱ አጠገብ ተኝተው አገኘኋቸው። «ጽጌ፣ እፈራለሁ» አሉኝ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «እኔም እፈራለሁ እትዬ» አልኳቸው። እጄን ይዘው ፈገግ አሉ። «ጥሩ ነው። እንግዲያው ብቻዬን አይደለሁም» አሉ።

እትዬ ትርፌ፣ ከእንግዲህ በሌላ ሰው አፍ እንጂ በእርስዎ ድምፅ አልጠራም። ዛሬ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል፤ ልጄም ከትምህርት ቤት ገና አልተመለሰችም። እርስዎ ያሉበት ክረምት የማይገባበት፣ መሬቱም የማይከዳ ነው ብለው ካህናቱ ነግረውናል። ይሁንልዎ። እናትዎንና ወንድሞችዎን ያግኙ፤ ለአንዴ እንኳ ሳይደነግጡ ይተኙ። እኔ እዚህ ነኝ። እንደ ፈራሁ ነኝ፤ እንደ ፈራሁም ዶማዬን ይዤ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ደህና ይሁኑ፣ እትዬ።