ጨው የበላው ስም

የተከራየሁት ቤት ግድግዳ ከክረምቱ በኋላ ነጭ ዱቄት አወጣ። በጣቴ ጠረግ አድርጌ ቀመስኩት፤ ጨው ነው። በዚህ ዕድሜዬ ግድግዳ ስልስ ሰው ቢያየኝ ጉድ ነበር፤ እኔ ግን ልቤ ቡሬ ሄዷል።

አባቴ ቡሬ ላይ ጨው ይነግድ ነበር። ጆንያውን የሚደረድረው ከድንጋይ ቤታችን ግድግዳ ጋር አስጠግቶ ነው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረ ጊዜ መጀመሪያ የጻፈው የእናቴን ስም ነበር፤ ያውም በመሮ፣ በሩ አጠገብ ባለው ለስላሳ ድንጋይ ላይ። ሰፈሩ «ሚስቱን ግድግዳ ላይ ሰቀላት» ብሎ ሳቀበት። እናቴ ማንበብ አትችልም። አባቴ ከሞተ በኋላ ግን በወጣች በገባች ቁጥር ፊደሎቹን በጣቷ ትዳስሳቸው ነበር።

ድንጋዩ ለምን እንደሚላጥ የገባኝ ካደግሁ ወዲያ ነው። ክረምት ግድግዳው ከመሬት ውሃ ይስባል፤ ውሃው ከጆንያው የፈሰሰውን ጨው ይዞ ይወጣል። በጋ ፀሐይ ሲያደርቀው ጨዉ ድንጋዩ ውስጥ ይቀርና ከውስጥ እየገፋ ይልጠዋል። የጎረቤት በሬ ሳይቀር እየመጣ ይልሰው ነበር። እናቴ ታዲያ፣

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ይሉሃል ይባል የለ? የኛው ድንጋዩንም አጣፈጠው!» ትል ነበር።

ሳቋ ግን ከጥርስ አያልፍም። ስሟ በየዓመቱ እየደበዘዘ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ አላስችል አለው። ስሟን ብቻ እንደ መስኮት ክፍት ትቶ የቀረውን ግድግዳ በሲሚንቶ ለሰነው። የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ እናታችንም እጁን ስማ መረቀችው። ለካ ውሃው ሌላ መውጫ ሲያጣ ጨዉን ተሸክሞ የሚመጣው በዚያችው በክፍቷ በኩል ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ድንጋዩ ሿ ብሎ ረገፈ። አንድም ፊደል አልተረፈም።

ወንድሜ ፍርፋሪውን በእፍኙ ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እናታችን አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ተው እንጂ ልጄ። እኔ ማንበብ መቸ እችልና? ስሜን የማውቀው አባትህ ሲጠራኝ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። ለእኛ እማዬ ናት፤ ለጎረቤት የእገሌ እናት። አባታችን ካረፈ ወዲህ በስሟ የጠራት ሰው አልነበረም።

ወንድሜ ዕንባውን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ በስሟ ጠራት።

«አቤት!» አለች እናቴ፣ አባቴ የጠራት ይመስል ልትሄድ ብድግ ብላ።