የእናቴ ጽጌረዳ በፎገራ ዋልካ

ስለ ግቢዬ ስናገር ሰዎች ጉራ ነው ይሉኛል። አዎ፣ ጉራ ነው። ወረታ ውስጥ ከሩዝ መፈልፈያው ወደ ላይ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ የሚያልፍ ሰው እኔ አጥር ጋ ሲደርስ ቆም ማለቱ አይቀርም። እኔም በመስኮት እያየሁ ልቤ ቅቤ ይጠጣል። በተለይ ጽጌረዳዋን አይተው እርስ በርስ ሲጠቋቆሙ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ውጭ ሥራ እንዳለው ሰው ሆኜ ብቅ እላለሁ። ያኔ ከየት እንዳመጣኋት ይጠይቁኛል። የምጠብቀውም ይህንኑ ነው።

ጽጌረዳዋ የእናቴ ናት። ሰሜን ሸዋ፣ ዳገት ላይ በነበረው ግቢዋ ደጃፉን ሞልታ ኖራለች። ከውጭ ነጭ፣ ከመሀሏ ቀላ ያለች ናት፤ ጠዋት ጠዋት ሽታዋ እስከ መንገዱ ይወርድ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ግቢው ለመንገድ ማስፋፊያ ሊፈርስ ሆነና ከታላቅ እህቴ ጋር ዕቃ ተከፋፈልን። እህቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ አበባ የምትተክልበት ቦታ የላትም። እሷ ድስቱንና ሞሰቡን ወሰደች፤ እኔ ከጽጌረዳዋ ግርጌ ሥር የያዙ ሦስት ችግኞች ነቅዬ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ በአውቶብስ ወረታ ገባሁ። በሳምንቱ ግሬደር ገብቶ የቀረውን ጠረገው። ከዚያ ወዲያ የእናቴ ጽጌረዳ ማለት እነዚያ ሦስት ችግኞች ብቻ ሆኑ።

እህቴ አደራውን አጥብቃ ነው የሰጠችኝ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትደውላለች፤ የእኔን ጤና ሳትጠይቅ በፊት፣ “ሦስቱስ?” ትላለች። መጀመሪያ ላይ መልሱ ቀላል ነበር። የዘይት ጀሪካን ቆርጬ እዚያ ውስጥ ስላቆየኋቸው ቅጠላቸው እያበራ ነበር።

እኔ ወረታ የመጣሁት ለማስተማር ነው። ቦታዋን ያገኘሁት በማኅበር ተደራጅተን ነው፤ ጥቁር ዋልካ አፈር፣ ሜዳ፣ አንድም ዛፍ ያልነበረበት። ከጎኔ ያሉት ጎረቤቴ የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ገበሬ ናቸው። ዕድሜያቸው ስለገፋ ልጃቸው ከተማ በሠራላቸው ቤት ይኑሩ እንጂ ሩዛቸውን ዛሬም ሄደው ያሳርማሉ። ባለቤታቸው ቀደም ብለው ስላረፉ ብቻቸውን ናቸው። ገና ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ችግኝ ይዤ ባለፍኩ ቁጥር በዱላቸው ተደግፈው አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ ክረምቱን የት ይቆማል? ሎሚ ይሁን ፓፓያ፣ ጥያቄው ያው ነው። አንድ ጊዜ ቁምሳጥን በጋሪ ሳስመጣ እንኳ ይህንኑ ጠይቀውኛል። አበባ ሲያዩ ግን መጠየቁንም ይተዉታል። የማይበላ ነገር በእሳቸው ዘንድ ተክል አይባልም፤ ጽጌረዳዎቹን “እሾህሽ” እያሉ ነበር የሚጠሯቸው።

ግንቦት ሲያልቅ ጉልበታቸውን አመማቸውና ፍል ውኃ ሊነከሩ ወንዛዬ ወረዱ። እኔም እሰይ አልኩ፤ እያንዳንዱን ነገር ቆመው የሚመረምሩብኝ ሰው ለጥቂት ቀን ገለል አሉልኝ። የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ እናቴ ታደርግ እንደነበረው ሦስት ጉድጓድ እስከ ጉልበቴ ቆፈርኩ፣ የበሰበሰ ፍግ ከታች ጨመርኩ፣ ችግኞቹን ዝቅ አድርጌ ተከልኩ፣ ዙሪያቸውን እንደ ሳህን አጎድጉጄ ውኃ እንዲይዝ አደረግሁ። እጄ ተላልጦ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም ብዬ ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁ።

ሽማግሌው ተመልሰው መጡ። አጥሩ ጋ ቆመው ብዙ አዩ።

“ልጄ፣ ይኸ ምንድን ነው?”

“ጉድጓድ ነው አባባ። ፍግ ጨምሬ ነው የተከልኩት።”

“ጉድጓድስ አይደለም። ለእሾህሽ ኩሬ ነው የማስሽለት።”

ደሜ ፈላ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሩዝ ውኃ ውስጥ ሲያቆሙ የኖሩ ሰው ስለ ጽጌረዳ ምን ያውቃሉ አልኩ፤ በልቤ ነው እንጂ በአፌ “እሺ አባባ” ብዬ ነው የገባሁት። እኔ ሲነግሩኝ ቶሎ የምሰማ ሰው አይደለሁም። ይህንን የማያውቅ ዘመድ የለኝም።

ነገሩ የገባኝ ሐምሌ ላይ ነው። እኛ ዳገት ላይ ውኃው ሮጦ ስለሚያመልጥ ጉድጓድ ቆፍሮ መያዝ ነው ብልኃቱ። እዚህ ግን ውኃው የትም አይሄድም። ዋልካው አንዴ ከጠገበ በኋላ የዘነበው ሁሉ የሚጠራቀመው እኔ በቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ ነው። አንድ ጠዋት ስወጣ አንደኛው ጽጌረዳ ሥር እንቁራሪት ተቀምጣለች። የእሱም የሌላውም ቅጠል ቢጫ ሆነ፣ ግንዳቸው ከታች ጠቆረ። ሁለቱን ስነቅላቸው ሥራቸው የረጋ ውኃ ይሸታል። በንዴት ከጓሮዬ አጥር ማዶ ወረወርኳቸው። ቀኑ እሑድ ነበርና ስልኩ ጮኸ።

“ሦስቱስ?”

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ደህና ናቸው አልኳት። ስልኩን ስዘጋ በራሴ አፈርኩ። ቢሆንም ውሸቱን በሚቀጥለው እሑድ አላረምኩትም፤ ከዚያ በሚቀጥለውም።

ሁለቱን በጣልኩ ማግሥት የሦስተኛዋም ቅጠል ቢጫ መሆን ጀመረ። ያኔ ኩራቴን ቤት ጥዬ፣ ላስቲክ ተከናንቤ፣ አንድ ጫማዬን ጭቃው አስቀርቶብኝ ሽማግሌው ደጃፍ ቆምኩ። እንዲረዱኝ ለመንኳቸው። የእናቴ እንደሆነች፣ ግቢው እንደፈረሰ፣ ሌላ እንደሌለ ነገርኳቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህንን ለእሳቸው ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። እስክጨርስ ሰሙኝና ሌሎቹ ሁለቱ የት እንዳሉ ጠየቁኝ። ሞተዋል፣ ከጓሮ ማዶ ጥያቸዋለሁ አልኳቸው። አካፋቸውን ይዘው ቀድመውኝ ወጡ።

የዚያን ቀን የተማርኩትን በየትኛውም ትምህርት ቤት አልተማርኩም። መጀመሪያ ጽጌረዳዋን ከነአፈሯ አነሷትና ዝናብ ከማያገኛት ጥግ አቆሟት። ከዚያ ከመፈልፈያው ደጃፍ ከተከመረው የሩዝ ገለፈት አራት ጆንያ አስመጡኝ። ጥቁሩን አፈር ከገለፈቱ ጋር እየቀላቀልን ወደ ላይ ከመርነው፤ እኔ ወደ ታች የቆፈርኩትን ያህል፣ እስከ ጉልበት። በዙሪያው ፈሰስ አወጡና ውኃውን ወደ ግቢው ዝቅተኛ ማዕዘን መሩት። ጽጌረዳዋን ከመደቡ አናት ላይ ሲያስቀምጧት እጃቸው እንቁላል የያዘ ይመስል ነበር።

“እዚህ አገር” አሉኝ ጭቃቸውን እየጠረጉ፣ “ወደ ላይ ነው የሚቆፈር።”

ከዚያ በኋላ ችግኝ ስመርጥ የእሳቸውን ጥያቄ ራሴ ቀድሜ መጠየቅ ጀመርኩ። ውኃው የሚሄድበትን ማዕዘን ሸንኮራ አገዳና ሙዝ ሰጠሁት፤ ሌላውን የሚያንቀው ውኃ እነሱን ያጠግባቸዋል። ቃሪያውንና ጎመኑን በትናንሽ መደብ፣ ሎሚውንና ፓፓያውን በትልልቅ መደብ ላይ አቆምኩ። ጌሾው አጥሩን ያዘ። ጤና አዳሙና በሶብላው በር ላይ፣ ከደረጃው ጎን ነው ያሉት፤ ቀሚስ ሲነካቸው ይሸታሉ። አቮካዶ አማረኝና ሽማግሌው ራሳቸውን ቢነቀንቁ ተውኩት። በበጋ ደግሞ ዋልካው እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ያኔ የሩዝ ጭድ ከላይ አለብሳለሁ። አንድ ዓመት ሳይሞላ የሥራ ባልደረቦቼ ችግኝ ሊገዙ ሲሄዱ እኔን ማማከር ጀመሩ። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ክረምቱን የት ይቆማል እላቸዋለሁ። ከየት እንዳገኘሁት ግን አልናገርም ነበር፤ ይህንንም ዛሬ ነው የምናዘዘው።

ጽጌረዳዋ በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ ፈነዳች። ያንን ጠዋት ሳሸታት እያለቀስኩ ነበር፤ ያው ሽታ ነው። ለእህቴ ደወልኩላት። የደወልኩላት ለመኩራራት ነበር፤ እሷ ግን በጥቅምት መጥቼ ሦስቱንም አያለሁ አለችኝ።

ሦስቱንም። ሁለት ሳምንት እንቅልፌ ተበላሸ። ባሕር ዳር ሄጄ ሁለት ጽጌረዳ ገዝቼ ከጎኗ ልተክል ሁሉ አሰብኩ። እህቴ ግን የእናታችንን አበባ ዓይኗን ጨፍና በመዓዛው ትለየዋለች። የሚሆነው ይሁን ብዬ ተቀመጥኩ።

መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ መደቡ ሄዳ ፊቷን አበባው ውስጥ ቀብራ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ሙዙን፣ ሎሚውን፣ ጌሾውን አሳየኋት፤ እናታችን ብታይ ትኮራብሽ ነበር አለችኝ። ከዚያ ዙሪያውን ማተረች።

“ሁለቱስ?”

ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው አጥሩ ጋ በዱላቸው ተደግፈው ነበር። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ እውነቱን ልናገር ይሁን ሌላ ውሸት ልጨምር እስከ ዛሬ አላውቅም። እሳቸው ቀደሙኝ።

“እነዚያማ እኔ ዘንድ ናቸው። ኑ።”

ጎረቤት ሆኜ ከቤታቸው ጀርባ ሄጄ አላውቅም ነበር። ከቃሪያቸው መደብ ጎን ሌሎች ሁለት መደቦች አሉ፤ ፈሰስ የወጣላቸው፣ ገለፈት የተቀላቀለባቸው፣ ጭድ የለበሱ። በላያቸው ሁለት ጽጌረዳዎች ቆመዋል፤ ከውጭ ነጭ፣ ከመሀላቸው ቀላ ያሉ። የአንደኛው ግንድ ነፋስ እንዳይጥለው ከጋቢ በተቀደደ ጨርቅ ከእንጨት ጋር ታስሯል። እህቴ ጮክ ብላ ቆጠረች፤ አንድ እዚያ፣ ሁለት እዚህ።

“የበሰበሰውን ቆርጨ፣ ደኅና ደኅናውን ተከልሁት” አሉ ወደ እኛ ሳያዩ፣ አንድ አረም ሊነቅሉ ጎንበስ ብለው። “እሾህ አይደል? ዶሮ ቃሪያየን እንዳይጭርብኝ ብየ ነው።”

ወደ ቤቴ ስንመለስ አጥሩ ጋ እህቴን አስቆምኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ሁለቱን የገደልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ አንድ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ እንደዋሸኋት፣ አሁን የቆሙትም በእኔ እጅ እንዳልሆነ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ዘወር ብላ የሽማግሌውን ግቢ ስታይ ቆየች።

“ዶሮዎቹ ግን የታሉ?” አለችኝ።

“ዶሮ የላቸውም” አልኳት። “ኖሯቸውም አያውቅ።”